ሦስት ፊደልና የእናቴ ቃል

ቢቸና፣ መስከረም 24 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ የእኅቴ ልጅ ለወይንእሸት፣ ባለሽበት ይድረስሽ።

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል። የአባቶችሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊት ከፊትሽ ይቅደምልሽ፤ በባዕድ አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ዓመቱን በሰላም ተቀብለናል። እኔ አጎትሽ እንደ ወትሮው ቢቸና ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እናትሽ እታለምም ሞጣ ደህና ናት። ለመስቀል ሄጄ ሦስት ቀን አብረን ሰነበትን። የቅቤ ንግዷን አልተወችም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች።

እናትሽ አንድ ነገር ጻፍልኝ ብላኛለች። «ልጄ ፈረንጅ አገር የምትማረው ምንድን ነው? ጎረቤት ሲጠይቀኝ ትምህርት እላለሁ፤ ትምህርትማ ሁሉም ትምህርት ነው» አለችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ። ገና ስለ ሴል ስጀምር ተነሥታ ወጥ ልታማስል ሄደች።

እኔም ብሆን ማወቅ እፈልጋለሁ። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሽ እጅሽን አውጥተሽ «ጂጂዩ ለምን ግላይሲን ሆነ? ማን ሰየመው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም «ሰንጠረዡን ሸምድጂ፤ ለምን የሚለው ፈተና ላይ አይመጣም» አልኩሽ። ያን መልሴን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ። እንግዲህ አሁን አንቺ እኔን አስተምሪኝ፤ እኔ ለእናትሽም ለተማሪዎቼም አደርሳለሁ።

አጎትሽ ከፋለ

ኡሜዮ፣ ስዊድን፣ ኅዳር 30 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አጎቴ ለመምህር ከፋለ።

ሰላምዎ ይብዛልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ፀሐይ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ትጠልቃለች፤ ለመድኩት። ብቻዬንም አይደለሁም። ወለተ ገብርኤል የሚባሉ የደብረ ማርቆስ ሴት፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ይሠራሉ፤ እሑድ እሑድ ቤታቸው ነኝ። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ።

ያኔ ስላልመለሱልኝ አይፈሩ። መልሱን እዚህም የሚያውቀው የለም። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት የማያውቁት ሰዎች ዘንድ ነው።

ለእማዬ እንዲህ ይበሏት። ሰውነታችን የሚሠራው በፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ሃያ ዓይነት ፍሬዎች በተራ ሲሰካኩ የሚገኝ ነው። ተራውን የሚናገረው አርኤንኤ የሚባል ረጅም ክር ነው። ክሩ ላይ አራት ፊደላት ብቻ አሉ፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይነበባሉ። ጂጂዩ ግላይሲንን ይጠራል፤ ጂዩዩ ቫሊንን ይጠራል። ጥቂት ልዩነት ካልሆነ በቀር በሣርም በላምም በሰውም ይኸው ነው። ነገር ግን ዛሬ ፊደሉና አሚኖ አሲዱ በቀጥታ አይነካኩም። በመካከላቸው መልእክተኛ አለ፤ በአንድ ጫፉ ፊደሉን ያነባል፤ በሌላው ጫፉ አሚኖ አሲዱን ይሸከማል።

ታዲያ ስያሜው ከየት መጣ? አንዱ ወገን፣ በአጋጣሚ ነው ይላል፤ አንዴ እንዲያው ሆነ፤ ሕይወት ሁሉ በሱ ላይ ከተሠራ በኋላ መለወጥ አልተቻለም። የኔ ፕሮፌሰር ያሉበት ሌላው ወገን ግን፣ መልእክተኛው ሳይኖር በፊት ሁለቱ በቀጥታ ይነካኩ ነበር ይላል። ቫሊን የሚጠጋው የገዛ ፊደላቱ ያሉበትን ክር ነበር፤ ስሙም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

ሥራዬ ይህን መፈተን ነው። ቫሊንን ትንንሽ ዶቃዎች ላይ አጣብቄ ዶቃዎቹን የመስታወት ቱቦ ውስጥ እሞላለሁ። ከላይ፣ ፊደላቸው ያለ ሥርዓት የተደባለቀ፣ ቁጥራቸው ለመናገር የሚያስቸግር ክሮች አፈስሳለሁ። አብዛኞቹ ታጥበው ይወርዳሉ። ዶቃው ላይ የቀሩትን አባዝቼ እንደገና አፈስሳለሁ። ዐሥር ጊዜ ያህል እንዲህ ካደረግሁ በኋላ የጸኑትን አነባቸዋለሁ። የቫሊን ፊደላት ሞልተውባቸው ከተገኙ፣ ስያሜው ከመነካካት የመጣ ነው ለማለት አንድ ምስክር ተገኘ ማለት ነው።

እማዬ አምና ጎኗን ትታመም ነበር። ተሻላት?

ልጅዎ ወይንእሸት

ቢቸና፣ መጋቢት 8 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለውድ የእኅቴ ልጅ ለወይንእሸት።

የጾሙን ወራት በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው ያድርሰን። ደብዳቤሽ ሁለት ወር ፈጅቶ ደረሰኝ። ሞጣ ይዤው ሄድኩና ለእናትሽ አነበብኩላት። በዚህ ጊዜ ተነሥታ አልሄደችም።

«እና አሁን አይነካኩም?» አለችኝ።

«አይነካኩም። መልእክተኛ አላቸው።»

«መልእክተኛውስ መልእክቱን እንዳያዛባ ማን ይጠብቀዋል?»

መልሴንም ሳትጠብቅ ቀጠለች። «ከመቶ ሺህ ክር ውስጥ የሚጣበቀውን መለየት ብቻ ነው ሥራዋ? ይህ ደግሞ ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለች። አራት ዓመት አልኳት። «ይሁን፤ የጀመረችውን ትጨርስ» አለች።

ለተማሪዎቼም አስተማርኩት። ሰባ ስምንት ሆነው ስድስት መጽሐፍ ነው ያላቸው። ሆኖም የአንቺን ደብዳቤ ሰሌዳ ላይ ገልብጬላቸው ሁሉም ጻፉት።

እናትሽ ትንሽ ከስታለች፤ ጾም ነውና አትስጊ። ጎኗን ጸበል ተጠምቃ ቀለል ብሎላታል።

አጎትሽ ከፋለ

ኡሜዮ፣ ሰኔ 3 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ።

እንደምን አሉልኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ በደስታ ነው። የጸኑትን ክሮች አንብቤ ጨረስኩ። ከሠላሳ አራቱ በሃያ ስድስቱ፣ ቫሊኑን የያዙበት ቦታ ላይ ከቫሊን ፊደላት ጂዩዩ ወይም ጂዩኤ ተቀምጧል። በዕጣ ቢሆን ከስምንት ወይም ከዘጠኝ አይበልጡም ነበር። ወረቀቱን ለፕሮፌሰሩ ስሰጣቸው መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ ተነሥተው ጨበጡኝ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳውን ዓመት ይህን ሲፈልጉ ነው የኖሩት።

በመስከረም ጉባኤ ላይ እናቀርበዋለን። ከዚያ በፊት የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሰጥተውኛል። ነሐሴ 8 መነሣት እችላለሁ። አሁንስ የእማዬ ናፍቆት አልቻል አለኝ። ትኬቱን ከመቁረጤ በፊት መንገዱ በክረምቱ እንዴት እንደሆነና እማዬም ምን እንደምትል ቶሎ ይጻፉልኝ። ቶሎ እንዲደርስ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ልጅዎ ወይንእሸት

ቢቸና፣ ሐምሌ 18 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለወይንእሸት።

እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ የድካምሽን ፍሬ አሳየሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ለእናትሽ አንብቤላታለሁ። በጣም ተደሰተች።

ስለ መምጣትሽ ጉዳይ፣ ዘንድሮ ክረምቱ ከብዷል። ከቢቸና ሞጣ መኪና በጭቃ እየተያዘ ሁለት ሦስት ቀን መንገድ ላይ ያድራል። እናትሽም «አትምጣ፤ የጀመረችውን ጨርሳ ትምጣ ብለህ ጻፍላት» ብላለች። ቃሏ ይኸው ነው። ስለዚህ ትኬት አትቁረጪ። ጉባኤሽን በርትተሽ ተዘጋጂ።

እኔን ትንሽ ጉንፋን ይዞኛልና አላረዘምኩም። ቶሎ እንዲደርስሽ እኔም በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

አጎትሽ ከፋለ

ኡሜዮ፣ ጥር 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ።

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረስዎ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እውነቱን ለመናገር አኩርፌ ነበር። እማዬ አትምጣ ማለቷ ከብዶኝ ከረመ። ወለተ ገብርኤል ናቸው «እናት ለልጇ ብላ የማትለው የለም» ብለው ያጽናኑኝ።

ጽሑፋችን በመጽሔት ታትሞ ወጥቷል። አንድ ቅጂ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ስም የኔ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የእማዬን ድምፅ በካሴት ቀድተው ይላኩልኝ። ምንም ብትናገር ግድ የለም፤ ገበያ ውላ የመጣችበትን ትንገረኝ። ድምፅዋ እየጠፋብኝ ነው። ልትናገር ስትል ጉሮሮዋን ጠረግ የምታደርገው ብቻ ነው የቀረኝ።

ልጅዎ ወይንእሸት

ቢቸና፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለውድ የእኅቴ ልጅ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። መጽሔቱ ደረሰኝ። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሦስት ሳምንት አነበብኩት። ካሴቱን በተመለከተ የትምህርት ቤቱ ቴፕ ተበላሽቷል፤ እስኪሠራ ታገሺኝ።

ይልቅ አንድ ጥያቄ ከተማሪዎቼ መጥቶብኛል። ዶቃው ላይ የጸኑትን ክሮች በሙቅ ውኃ እንዳወረዳችኋቸው ጽሑፉ ላይ አይቻለሁ። ልጆቹ የጠየቁት እንዲህ ነው። ቫሊን ዶቃ ላይ ሳይጣበቅ፣ እንዲያው በውኃ ሟሙቶ ቢፈስባቸውስ? ክሩ በእውነት የሚያውቀው ቫሊንን ከሆነ ዶቃውን ትቶ ይከተለው የለም ወይ? ይህን ሞክራችሁት ይሆናል፤ እኔ ከጽሑፉ ውስጥ አላገኘሁትም። መልሱን ጻፊልኝ፤ ክፍል ውስጥ አንገቴን አታስደፊኝ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ ከፋለ

ኡሜዮ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለአጎቴ።

እንደምን ከረሙ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት። የተማሪዎችዎ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደፊት እመልስልዎታለሁ።

ካሴቱን አደራ።

ወይንእሸት

ቢቸና፣ ጥር 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወይንእሸት፣ ለኩራታችን።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። አጭር ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ትልቅ ሥራ የያዘ ሰው ረጅም ደብዳቤ አይጽፍምና አልተቀየምኩም።

ጽሑፍሽን ርእሰ መምህሩ አይተው መስታወት አስገጥመው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሰቀሉት። ስምሽ ከላይ ይታያል። ዘንድሮ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ከገቡት መካከል ስርጉት የምትባል የየጁቤ ልጅ ከሥር ቆማ በእጇ ፊደሉን እየነካች ስታነብ አገኘኋት። «ይቺ ሴትዮ እዚሁ ነው የተማረችው?» አለችኝ። የትኛው ወንበር ላይ ትቀመጪ እንደነበር አሳየኋት።

እናትሽ ደህና ናት። «የልጄ ስም መጽሐፍ ላይ ወጣ» እያለች ለሰው ታወራለች። ለዶክተርነትሽ ቀን የሚሆን ቀሚስ አስፈትላለሁ ብላለች።

ቴፑ ገና አልተሠራም።

አጎትሽ ከፋለ

ኡሜዮ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ።

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ሰባት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የተማሪዎችዎን ጥያቄ ሞክሬዋለሁ። የሞከርኩት አምና በሰኔ፣ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት ነው። ቫሊን በውኃ አሟሙቼ ቱቦው ላይ አፈሰስኩ። ከሥር የወረደውን ለካሁት። ምንም አልነበረም። ዶቃውን ትቶ ቫሊንን የተከተለ አንድም ክር የለም።

ቫሊንን ከዶቃው ጋር የምናያይዝበት አጭር ክንድ አለ። ክሮቹ የያዙት ያንን ክንድ ነው። በዚያው ክንድ ላይ ሌላ አሚኖ አሲድ አድርጌ ስሞክራቸው ያው ጸኑ። የቫሊን ፊደላት የተገኙት ክንዱን ለመያዝ የሚመች ቅርጽ ሲሠራ አብረው ስለገቡ ነው። ቫሊን የሚባል ነገር አያውቁም። ገና ከመጀመሪያው በሙቅ ውኃ ያወረድናቸው ስለሚፈጥን ነበር። በዚያ መንገድ ሲወርዱ የምን ወዳጅ እንደሆኑ አይታወቅም። ይህን ማንም ሰው ሊያስበው ይገባ ነበር። እኔ ላስበው ይገባ ነበር።

አራት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። «ይህን ማን ነገረሽ?» አሉኝ። የአጎቴ ተማሪዎች አልኳቸው። አልሳቁም። ጽሑፉ እንዲሰረዝ በራሳቸው እጅ ጽፈው ላኩ፤ በኅዳር ጡረታ ወጡ። ከሳቸው ጋር ቤተ ሙከራውም ተዘጋ። የተሰረዘ ሥራ ይዛ የመጣችን ተማሪ የሚወስድ ሌላ ሰው አላገኘሁም። ከጥር ጀምሮ ተማሪ አይደለሁም። ወለተ ገብርኤል በሚሠሩበት አረጋውያን ቤት አልጋ አነጥፋለሁ፤ አዛውንቶችን አጥባለሁ።

ጽሑፌን ሰቀሉት ሲሉኝ መንገር አቃተኝ። ያቺ ልጅ በእጇ ስትነካው የነበረው ሁሉ ስሕተት ነው።

አሁን እዚህ የሚያቆየኝ ምንም የለም። እማዬ ጨርሰሽ ነይ ስላለችኝ ብቻ ነው የተቀመጥኩት። የምጨርሰው ነገር ግን የለኝም። እባክዎ፣ እርስዎ ከጎኗ ተቀምጠው ይንገሯት። ዶክተር አልሆነችም ይበሏት። ቀሚሱን አታስፈትል። ከዚያ ምን እንዳለች ቃል በቃል ይጻፉልኝ። ነይ ካለች በነጋታው እነሣለሁ። ተቆጥታም ቢሆን ነይ ትበለኝ።

ወይንእሸት

ቢቸና፣ ጥቅምት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወይንእሸት።

ይህን ደብዳቤ ለወይዘሮ ወለተ ገብርኤል አድርጌ የላክሁት ብቻሽን እንዳታነቢው ብዬ ነው። ተቀመጪ። እሳቸውም ከአጠገብሽ ይሁኑ። እንዲህ ያለ ነገር በወግ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር ሲያንኳኳ ነበር። የምልከው ዘመድ እዚያ የለኝም።

እናትሽ አርፋለች። ያረፈችው ሐምሌ 6 ቀን 1986 ነው። ዓመቱን በስሕተት የጻፍኩት አይደለም።

የጎኗ ሕመም ጉበቷ ነበር። በግንቦት ባሕር ዳር ወሰድኳት፤ ሐኪሙ አይቶ ወደ ቤቷ መልሷት አለኝ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ሞጣ ከረምኩ። የሰኔው ደብዳቤሽ ሐምሌ 2 ደረሰ። አነበብኩላት። ትሰማ ነበር። «ተሳካላት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው አሁን ሞቴን ልኬ አልሰብራትም። ጨርሳ ትምጣ ብለህ ጻፍ። እስክትጨርስ አትንገራት» አለችና በእጄ ላይ እጇን አድርጋ አስማለችኝ። አትምጣ የሚለውን የጻፍኩልሽ ከቀበርናት በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ቃሉ የሷ ነበር። እሷ ግን አልነበረችም።

ጉባኤው እስኪያልፍ ልጠብቅ አልኩ። አለፈ። ጽሑፉ እስኪወጣ አልኩ። ወጣ። ከዚያ በኋላ ለምን ዘገየህ ብትዪኝ የምመልሰው ስለሌለኝ ዝም አልኩ። በየደብዳቤው አንድ አንድ ቃል እየጨመርኩ ሄድኩ።

አሁን የሷ የሆነውንና የኔ የሆነውን ልለይልሽ። «የጀመረችውን ትጨርስ» የሷ ነው። ስለ መልእክተኛው የጠየቀችውም የሷ ነው። ከሐምሌ 1986 በኋላ ግን ሰላም ብላሻለች ያልኩት የኔ ነው። «የልጄ ስም መጽሐፍ ላይ ወጣ» የኔ ነው። ቀሚሱም የኔ ነው፤ የሚፈተል ጥጥ አልነበረም።

አንድ የቀረ አለ። የተማሪዎቼ ጥያቄ ብዬ የጻፍኩልሽ የተማሪዎቼ አልነበረም። ሐምሌ 2 ደብዳቤሽን ስጨርስላት ዓይኗን እንደጨፈነች «ዶቃውን ይሆናል እኮ የወደደው። ያንን ነገር ብቻውን ውኃ ውስጥ ቢያገኘው ይከተለዋል?» አለችኝ። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ስለ ካሴቱ የምመልስልሽ ባጣ ጊዜ ወሬ ለማስለወጥ ብዬ ጻፍኩት። ሥራሽን የጣለው ጥያቄ የእናትሽ ነው። እጅሽ ላይ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ካሴቱንም ልናዘዝልሽ። የጎረቤቷን የዘሪቱን ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ ከእናትሽ ጋር ይመሳሰላል ይሏት ነበር። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ሄጄ ለመንኳት። እያለቀሰች ቀዳችልኝ። «ልጄ፣ ደህና ነኝ» ብላ ትጀምራለች፤ ጉሮሮዋንም ጠረግ አድርጋለች፤ እንድታደርግ የነገርኳት እኔ ነኝ። ቢቸና ይዤው መጥቼ አዳመጥኩት። እናትሽን መሰለችኝ። ፈራሁ። ክሩን ፈትቼ እሳት ውስጥ ጨመርኩት።

ነይ ወይም አትምጪ ለማለት አፍ የለኝም። ነይ የምትልሽ የለችም።

ከፋለ

አዲስ አበባ፣ ጥር 19 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለመምህር ከፋለ፣ ቢቸና።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ያነበቡልኝ ወለተ ገብርኤል ናቸው፤ እናቴ እስካረፈችበት ቀን ድረስ አንብበው ማንበብ አቃታቸው። የቀረውን ራሴ አነበብኩት። ሦስት የአገራችን ሴቶች መጡ፤ እናቴን የምታውቃት አንዲትም አልነበረችም፤ ቢሆንም አለቀሱልኝ።

አገር ቤት መጥቻለሁ። በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገብቼ ከዚያ በአውቶቡስ ሞጣ ወረድኩ። ቤታችን ውስጥ ተከራይ አለ፤ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው። ዘሪቱ አስጠጋችኝ። ጊዮርጊስ ሄጄ መቃብሯን አየሁ። ሣር በቅሎበታል። እኔ ያለቀስኩት ሌላው ሰው አልቅሶ ከተወው በኋላ ነው። ዘሪቱ ቤት ለቅሶ የመጡት ሴቶች ትንሽ ተቀምጠው ስለ ገበያ ያወሩ ነበር፤ ለነሱ ሁለት ዓመት ተኩል ያለፈው ነገር ነው። ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ፣ ባለሱቁ፣ ቄሱ፣ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ለእማዬ ብዬ አድራሻዋን የጻፍኩበት የገና ካርድ ሳይከፈት ፖስታ ቤት ተቀምጦ ኖሮ ሰጡኝ።

ዘሪቱ እርስዎ እንዴት እንዳስታመሟት ነገረችኝ። ጀርባዋን ሲያጥቡ፣ በማንኪያ ሲያጎርሱ፣ ሁለት ወር መሬት ላይ ሲተኙ። እኔም ያን ጊዜ ብኖር የማደርገው ይህንኑ ነበር። የሰው አገር ሽማግሌዎችን በየቀኑ እንዲህ አደርጋለሁ። ለእናቴ አላደረግሁም። አልፈረድኩብዎትም ልልዎ አስቤ ነበር፤ እውነት አይደለም። ነይ ብለውኝ ነሐሴ 8 ተነሥቼ ቢሆን በአርባዋ እደርስ ነበር። ያን ጊዜ እርስዎም እኔም ገና ምንም አልዋሸንም ነበር።

ጥያቄዋን ሞጣ ሆኜ አሰብኩት። አራት ዓመት የተማርነው ሰዎች አላየነውም። እሷ በአንዴ ሰምታ አየችው። ኖራ ብትጽፍልኝ በዚያው ሳምንት እሞክረው ነበር፤ ጉባኤ ሳንሄድ፣ ሳይታተም። ፕሮፌሰሩም በክብራቸው ጡረታ ይወጡ ነበር።

ለተማሪዎችዎ የሚሉት ይህን ነው። ሌሎች ሰዎች አርጂኒን በሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ ሠርተው፣ የሚይዙት ክሮች የገዛ ፊደላቱን እንደያዙ አግኝተዋል፤ በውኃ ሟሙቶ ሲፈስባቸውም ይከተሉታል። እስካሁን ሥራቸውን የጣለ ጥያቄ የለም። ስለዚህ ሐሳቡ አልሞተም። ከአንድ አሚኖ አሲድ ተነሥቶ ግን ስለ ሃያው መናገር አይቻልም። በቫሊን ላይ የሠራችው ሴት ተሳስታለች ይበሏቸው። ጽሑፉን ከሰሌዳው ያውርዱት። ያቺ የየጁቤ ልጅ ለምን ወረደ ብላ ብትጠይቅዎ እንዳይዋሿት።

ነገ እመለሳለሁ። እዚያ የሚጠብቀኝ አልጋ ማንጠፍ ነው፤ እዚህ ደግሞ ያም የለኝም።

ትናንትና ከሞጣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ቢቸና ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሞ ነበር። በመስኮቱ በኩል አየሁዎት። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ይመስለኛል፤ ኮትዎ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። በጣም ከስተዋል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ፊት ቆመው የሚወርዱትን መንገደኞች አንድ በአንድ ይመለከቱ ነበር። እኔ ያለሁበትንም መስኮት አይተው አለፉ፤ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ነበር። አንዴ ብድግ ብያለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት ላሳልፍሽ ብላ ጉልበቷን ሰበሰበች። «አይ፣ እዚህ አልወርድም» አልኳትና ተቀመጥኩ።

ወይንእሸት